ለአሮጌ ስፖርት መኪና ሞተር ቅየራ እንዴት ይታቀዳል? የመካኒሳዋ ፊያት 124

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን «የማታውቁትን ሥራ ከሚያውቀው ሰው ተምራችሁ ለማያውቀው አስረዱ» የሚል የቤት ሥራ ሰጡን። ከክፍላችን ገሚሱ ስለ ጠላ አጠማመቅ ጻፈ፣ ገሚሱ ወደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ሄደ። እኔ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። መካኒሳ፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ፣ ከሸራ በታች ሞተር የሌላት ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ቆማለች። ልጆች ሆነን በመስኮቷ ገብተን «ፒፕ ፒፕ» እያልን የምንጫወትባት መኪና ነች። ጽሑፉን ለመምህሩ ካስረከብኩ በኋላም ነገሩ ስላልለቀቀኝ፣ ለመጽሔታችን አንባቢዎች በሚሆን መልኩ እንደገና ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ከዚህ በፊት ስለ ሞተር የማውቀው ሲበላሽ ኮፈን ተከፍቶ ሰዎች ከበው እንደሚያዩት ብቻ ነበር። ስለዚህ እዚህ የምታነቡት ሦስት መካኒኮችን፣ አንድ የቶርኖ ባለሙያንና አጎቴን በጥያቄ ካደረቅኩ በኋላ ያገኘሁትን ነው፤ የሚለካውን ደግሞ እኔው ራሴ ለክቻለሁ።

ለምን አሁን?

አጎቴ ጡረተኛ ናቸው። መኪናዋ ከዓመታት በፊት ውኃ ጨርሳ መንገድ ላይ ፈላች፣ ቴስታታው ጠመመ፣ ብሎኩም ተሰነጠቀ። አንድ ጋራዥ «እንሠራዋለን» ብሎ ሞተሩን አወረደ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ ና» ሲላቸው ከረመና በመጨረሻ በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ መለሰላቸው፤ ግማሹ ዕቃ የለም። ከዚያ ወዲህ ሸራው አልተነሳም።

አምና ግን ሐኪም አንዱ ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ነገራቸው። መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የዓይን ምርመራ ያስፈልጋል። የሚቀጥለውን ምርመራ ቢያልፉ እንኳ ከዚያ በኋላ ያለውን ማለፋቸው አጠራጣሪ ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ደግሞ ብዙ አይደለም፤ በሳሪስ፣ በቃሊቲ፣ በዱከም አድርገው ቢሾፍቱ ሄደው መመለስ። ለዚህ ያስቀመጡት ገንዘብ አንድ ሙከራ ብቻ ይችላል። ዕቅዱ ከተበላሸ ገንዘቡም መኪናዋም የሉም ማለት ነው። «ዕቅድ» የምለው ነገር ክብደቱ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

«ሌላ መኪና ለምን አይገዙም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተር ጉልበታቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪናና አሮጌ ሞተር ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልሄደም። ጋራዦች ሞተር ቅየራ ሲበዛባቸው ብናይ አይገርምም።

መጀመሪያ መኪናዋን ማወቅ

የመጀመሪያው ስህተት ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ መሮጥ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ያለው መኪና ነው።

ፊያት 124 ስፖርት ሁለት መልክ ነበራት። ክፍቷ ስፓይደር እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ታየች፣ ኩፔዋ በዓመቱ ተከተለች። የመጀመሪያዎቹ ሞተር 1438 ሲሲ ሲሆን ወደ 90 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የሠሩት ኢንጂነር አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ቀደም ሲል ለፌራሪ ሞተር የነደፉ ሰው ናቸው። ከላይ ሁለት ካምሻፍት አለው፣ ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ደግሞ ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። በዘመኑ ይህ በብዛት ለሚመረት መኪና አዲስ ነገር ነበር። አራቱም እግሮች የዲስክ ፍሬን አላቸው። ሞተሩ ፊት ነው፣ የሚገፋው የኋላ እግር ነው። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ግማሹ በሱ ላይ የቆመ ነው።

(በነገራችን ላይ የጋራዦቻችን ቋንቋ ጣሊያንኛ እንደሆነ ልብ ብላችኋል? ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ባትላሜራ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፣ ቃላቱ ግን ቀሩ። ለፊያት ሲሆን ደግሞ ቃሉ ከነዕቃው የአንድ አገር ነው።)

ከመኪናዋ ላይ የለካሁት ሁለተኛው ነገር የዲፈረንሻሉ ቁጥር ነው። አንድም መሣሪያ አያስፈልገውም። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ሁለቱም የኋላ እግሮች አየር ላይ ይሆናሉ፣ ከሥር መቆሚያ ይደረጋል፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይቀመጣል። ትራስሚሲዮኑ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግና ሁለቱን ጎማዎች እኩል እያዞሩ መቁጠር ነው። እኔና የአጎቴ ልጅ ግራና ቀኝ ይዘን ጎማዎቹን አሥር ጊዜ አዞርን፣ አጎቴ ከታች ተኝተው ቆጠሩ። 41 ጊዜ። ስለዚህ 4.1 ነው ማለት ነው፤ ትራስሚሲዮኑ 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል።

ይህ ቁጥር ምን ያደርጋል? የአዲሱን ሞተር ፍጥነት ይነግራችኋል። የኛ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 1.8 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር ለ4.1 ስናካፍለው ጎማው 732 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ1.8 ስናባዛው 1317 ሜትር በደቂቃ፣ በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር። ሒሳብ የምትጠሉ ሁሉ (ጋዜጠኝነት የገባነው ለምን ሆነና!) ይቺን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሥሯት።

የሦስት መካኒክ ሦስት መልስ

የመጀመሪያው መካኒክ ጎፋ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ናፍጣ አስገቡበት፣ የሃይሉክስ ወይ የሚኒባስ ሞተር፣ አትሞትም!» አሉኝ። ሁለተኛው ለቡ ያለ ወጣት ነው፤ «ኮሮላ ሞተር፣ በየመንገዱ አለ» አለ። ሦስተኛው፣ ሳሪስ፣ ዝም ብሎ ካየኝ በኋላ «መኪናዋ ምን እንድትሆን ነው የምትፈልጉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሁሉም ጥያቄ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ግን ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም፤ እኔ ግልጽ ጥያቄ ስላልጠየቅኩ እያንዳንዳቸው በልባቸው ያለውን መኪና አስበው መለሱልኝ።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ናፍጣ። ትልቁ ችግር ክብደት ነው። የሚኒባስ ናፍጣ ሞተር ከባድ ብረት ነው። መኪናዋ ራሷ ከነሙሉ ዕቃዋ ከ1000 ኪሎ በታች ናት። የፊት ሞላዋ፣ መሪዋና ፍሬኗ የተሠሩት ለቀላል ሞተር ነው። ፊቷ ላይ ከባድ ነገር ሲጫን አፍንጫዋን ትደፋለች፣ መሪው ይከብዳል፣ ስታቆሙ ርቀቱ ይረዝማል። ሌላው ደግሞ ያ 4.1 ነው። የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 4000 አካባቢ ላይ ትንፋሹ ያልቃል። ከላይ ባለው ሒሳብ 4000 ማለት በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም ሞተሩ እየጮኸ። ዲፈረንሻሉን መቀየር ይቻላል፣ ግን ያኔ አንዱን ቅየራ ሌላ ቅየራ ይጎትተዋል።

ኮሮላ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከሰማንያዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ ኮሮላዎች የሚጎትቱት በፊት እግር ነው። ሞተራቸው ኮፈኑ ሥር ጎን ለጎን የተጋደመ ነው፣ ካምቢዮውም አብሮት ተጣብቋል። የኋላ እግር ለሚገፋ መኪና ይህንን ሞተር ማዞር ማለት ሌላ ካምቢዮ፣ ሌላ ቮላኖ፣ ሌላ የዘይት መያዣ፣ የተለወጠ የውኃ መስመር ማለት ነው። ሞተሩ ርካሽ ነው፤ ማስማሚያው ነው የሚያስከፍለው። ከዚያ በፊት የነበሩት አሮጌዎቹ የኋላ ገፊ ኮሮላዎች ሞተር፣ እነ 4ኬ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ የተቀመጠ ስለሆነ የተሻለ ነው። 1290 ሲሲ ነው፤ ለዚህች መኪና ግን ያንስባታል።

ኤሌክትሪክ። ጓደኞቼ ሁሉ መጀመሪያ የሚሉት ይህንን ነው። በሌሎች አገሮች አሮጌ መኪኖችን በባትሪ የሚያስነሱ ባለሙያዎች አሉ፣ እዚህም ነገሩ መምጣቱ አይቀርም። የአጎቴ ገንዘብ ግን ባትሪው ላይ ብቻ ያልቃል። አለፍኩት።

ላዳ። ይህንን ያነሳው የሳሪሱ መካኒክ ነው፤ ስሰማው ሳቅኩ። ስፖርት መኪና ላይ የታክሲ ሞተር? ቤት ገብቼ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ ቶሊያቲ ላይ ፋብሪካ አቆመች። ከ1970 ጀምሮ የወጣችው የመጀመሪያዋ ላዳ የተቀዳችው ከባለ አራት በሯ ፊያት 124 ነው። ሩሲያዎቹ ላሜራዋን አወፈሩ፣ የኋላ ዲስክ ፍሬኗን በከበሮ ፍሬን ለወጡ፣ ሞተሩን ደግሞ አንድ ካምሻፍት ከላይ ባለው በራሳቸው ሞተር ተኩ። በደርግ ጊዜ ወደኛ አገር መጥታ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ታክሲያችን እሷ ናት። እንግዲህ የአጎቴ ኩፔና በልጅነታችን የተጫነንባት ላዳ የአክስት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ቁጥሩን ደግሞ ተመልከቱ። የፊያቷ ሲሊንደር ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 71.5 ነው፤ 1438 ሲሲ። ከላዳ ሞዴሎች በአንደኛው ላይ ያለው ሞተር ስፋቱ 76፣ ጉዞው 80 ነው፤ 1452 ሲሲ። መጠናቸው ተመሳሳይ ነው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል። የፊያቱ አጭር ጉዞ ስላለው መሽከርከር ይወዳል፣ ጉልበቱ ከላይ ነው። የላዳው ረጅም ጉዞ ስላለው ቀስ ብሎ ከታች ይስባል። ጉልበቱ ወደ 75 ነው፤ ከፊያቱ 15 ያነሰ። አጎቴ ይህንን ስነግራቸው «አንቺ ልጅ፣ እኔ ልሽቀዳደም ነው እንዴ?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ከባሕር ዳርቻ አይደለችም

ስለዚህ ክፍል ትንሽ ልቆይ፤ ከተማርኩት ሁሉ የገረመኝ ይህ ስለሆነ።

መጽሐፍ ላይ የተጻፈ የፈረስ ጉልበት ሁሉ የተለካው ከባሕር ወለል አጠገብ ባለ አየር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ይሆናል። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። የፊያቷ 90 መካኒሳ ላይ 70 ገደማ ነው። የላዳው 75 ደግሞ ወደ 58 ይወርዳል። ስለዚህ «ስንት ፈረስ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «የት?» የሚለውን ጨምሩበት።

ሁለተኛ፣ ካርቡራተር። ቀዳዳዎቹ የተለኩት ለወፍራም አየር ነው። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ግን ብዙም ስለማይቀንስ ነዳጁ ይበዛል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ነዳጅ መብላት። ከታች አገር የመጣ ካርቡራተር ሲገጠም ጅግለሩ በትንሽ ቀዳዳ መለወጥ አለበት። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ እየተነሳ በመጣበት ጊዜ ይሄ ቀላል ወጪ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ውኃ። ትምህርት ቤት ውኃ የሚፈላው 100 ላይ ነው ብለውናል። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር ውኃ ደግሞ በተለመደው ሁኔታ ከ80 እስከ 90 ባለው ነው የሚሠራው። በመካከሉ ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ግፊት ስለሚፈጥር የመፍያውን ነጥብ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይይዝም። አጎቴ ይህንን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ገብተው ከሁለቱ ከረጢቶች በአንደኛው ውስጥ የነበረውን አሮጌ የራዲያተር ክዳን አመጡ። ጎማው ተሰነጣጥቋል። የዚያን ቀን ሞተሩን የገደለው ይህ ይሁን ሌላ ነገር አሁን ማረጋገጥ አይቻልም። የዕቅዳችን የመጀመሪያ ግዢ ግን አዲስ ክዳን ሆነ።

ካርቶን፣ ሜትርና ቶርኖ

ዝምድና አለ ማለት ቡሎኑ ሁሉ ይገጥማል ማለት አይደለም። የሳሪሱ መካኒክ ሞተር ከመገዛቱ በፊት በካርቶን ሠርተን እንድንሞክር ነገረን። የአንድ ላዳ ሞተር ቁመት፣ ርዝመትና ስፋት በሜትር ወስጄ፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጠን በፕላስተር አጣብቀን ሠራነው። አየር ማጣሪያውን ጭምር። ይህንን የካርቶን ሞተር ቦታው ላይ አስቀምጠን ኮፈኑን ስንዘጋ የሁለት ጣት ክፍተት ቀረው። ሰፈርተኛው ሲያየን ለትያትር የምንሠራው መስሎት ነበር።

ካርቶኑ ያሳየን ችግር ሌላ ነው። የፊያቱ ሞተር በአንድ ጎኑ አየር ስቦ በሌላው ጎኑ ጭስ ያወጣል። የላዳው መሳቢያውም ማውጫውም በአንድ ጎን ነው። ስለዚህ ከሞተሩ እስከ ማርሚታው ያለው ቱቦ አዲስ መሠራት አለበት፣ የነዳጅ መስመሩም ከሙቀቱ መራቅ አለበት። የላዳውን ሞተር ከራሱ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ጋር ማስገባት ይሻላል፤ ሞተርና ካምቢዮን ለማጋባት ማስማሚያ ሳህን ከመሥራት ያድናል። ያኔ ቶርኖ ቤት የሚሄዱት ሁለት ነገሮች ይሆናሉ፦ ሞተሩ የሚያርፍባቸው ሱፖርቶችና የትራስሚሲዮኑ የፊት ጫፍ። ትራስሚሲዮን ተቆርጦ ሲበየድ ሚዛኑ መጠበቅ አለበት፤ ካልሆነ ፍጥነት ሲጨምር ሙሉ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። የቶርኖ ባለሙያው «ልኩን አንዴ በትክክል አምጪልኝ፣ ሁለቴ አልቆርጥም» ብሎኛል።

ፍሬኑን እንዳንረሳ። ጉልበቷ ስለማይጨምር ዲስኮቹ ይበቃሉ። ነገር ግን የቆመ መኪና የፍሬን ጎማና ቱቦ ይደርቃል። ሞተር ከመግባቱ በፊት ይህ ይለወጣል ብለን ጻፍን። ገንዘብ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚዘለለው ፍሬን እንዳይሆን ከላይ አስቀመጥነው።

ወረቀቱ

የመኪና ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም ተጽፏል። ሞተር ሲለወጥ ሊብሬው መስተካከል አለበት፣ አለበለዚያ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ አይገናኝም፣ ቦሎም አይኖርም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሞተር ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ከተሰረቀ መኪና የወጣ ከሆነ ግን ዕዳው የገዢው ነው። ስለዚህ ሶማሌ ተራ መሬት ላይ የተዘረጋ ሞተር ከመግዛት፣ ተገጭታ የቆመች ላዳ ሙሉዋን ከነሊብሬዋ መግዛት መረጥን። ዋጋው ይበልጣል። ግን ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ሞተሪኖው፣ ራዲያተሩና ሕጋዊ ወረቀቱ በአንድ ላይ ይመጣሉ። ሞተሩንም ሳይወርድ አስነስቶ መስማት ይቻላል፤ መሬት ላይ ያለ ሞተር ግን ሻጩ የሚለውን ብቻ ነው የሚናገረው። (ይህ ለዜና ምንጭም ይሠራል ብል መምህራችን የሚቆጡኝ አይመስለኝም።)

ወጪውን በተመለከተ ሦስቱም መካኒኮች የተስማሙበት አንድ ነገር አለ። ሞተሩ የሚያወጣውን ያህል ገንዘብ ለማስገጠሚያው ለብቻው መያዝ አለበት። አጎቴ ይህንን ሰምተው ገንዘባቸውን በሁለት ፖስታ ከፈሉት።

አሁን ያለንበት

አንዲት ላዳ ጀሞ አካባቢ አግኝተናል። ከኋላ የተመታች ናት፣ ሞተሯ ይነሳል። የሳሪሱ መካኒክ አብሮን ሄዶ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ አየ፣ ካንዴላዎቹን አወጣ፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካ፤ አራቱም ተቀራራቢ ናቸው። ችግሩ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም መሆኑ ነው። ባለስሙ ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ለጥምቀት እንደሚመጡ ተነግሮናል። ሻጩ «ውክልና አለኝ፣ ለምን ትጨነቃላችሁ?» ይላል። አጎቴ ሊስማሙ ምንም አልቀራቸውም፣ ምክንያቱም የዓይን ምርመራው የካቲት ላይ ነው፣ ጊዜው እየሮጠ ነው። እኔ ግን ውክልናው ለመሸጥ ይፈቅድ እንደሆነ ሳይነበብ ፖስታው እንዳይከፈት ለመንኳቸው። ተጨቃጨቅን። እናቴ ጭምር ገብታበት ነበር። በመጨረሻ «እሺ፣ ይነበብ» አሉ።

እስከዚያው የምንሠራው ሞተሩን የማይጠብቀውን ነው። የፍሬን ቱቦዎቹ ታዝዘዋል፣ ሰልባትዮው ወርዶ እየታጠበ ነው። ካርቶኑ ሞተር አሁንም ቦታው ላይ ተቀምጧል። የሱፖርቶቹን ልክ ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛ ጊዜ ለካን። የፊቱ በሦስት ሚሊ ሜትር ተለያየ፤ እንደገና ለካንና የመጀመሪያው ልክ ሆኖ ተገኘ። አጎቴ ቁጥሩን መነጽራቸውን አድርገው በራሳቸው እጅ ጽፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተውታል።